የጽድ አፋፍ ክር

ስለዚያች ሄሊኮፕተር ደብረ ብርሃን የሚወራውን ሰምቻለሁ። አንኮበር የሚወራውንም ሰምቻለሁ። ሁለቱም ውሸት ነው፤ የአንኮበሩ ግን ይብሳል። እስካሁን አፌን ዘግቼ የኖርኩበት ምክንያት አለኝ፤ ስትጨርሱ ትደርሱበታላችሁ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ አላውቅም፤ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ።

ምሥራቅ እባላለሁ። ሞባይል፣ ሬዲዮ፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ሌላ ሱቅ «ጣይው» የተባለበትን ዕቃ ሁሉ እጠግናለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። የተማርኩት ከሞቱ ዕቃዎች ነው፤ ፓኬጅ ሲኖረኝ ደግሞ ከዩቲዩብ። «ኮሌጅ ገብተሽ ወረቀት ብትይዢ ኖሮ» እያሉ የሚያዝኑልኝ ደንበኞች አሉ። ስልካቸውን ወረቀቱ የሚያበራላቸው ይመስላቸዋል።

ሱቄ የአባቴ ሱቅ ግማሽ ነው። አባቴ ወርቁ ኮርቻ ሠሪ ነው። ከበሩ ግራ እሱ ጠፍርና ልጓም አንጠልጥሎ ይሰፋል፤ ከበሩ ቀኝ እኔ በአጉሊ መነጽር አጎንብሼ የተቃጠለ ነገር እፈልጋለሁ። መሃላችን ግድግዳ የለም። ያለው ምሰሶ ነው፤ ምሰሶው ላይ የበሬ ቀንድ ተሰቅሏል፤ ቀንዱ ውስጥ ቅቤ አለ። አባቴ ቆዳ የሚያለሰልሰው በቅቤ ነው፤ ያውም ከደነባ በሚመጣ ለጋ ቅቤ። ፈረሰኛ ለሠርግ ሊሄድ ሲል ኮርቻውን በዋዜማው ያመጣለታል፤ እሱም ጠፍሩን፣ ማሰሪያውን፣ የእርካቡን ማንጠልጠያ አንድ በአንድ ቀብቶ ይሰጠዋል። «መንገድ ያለበት ነገር ቅቤ ሳይቀምስ አይወጣም» ይላል። ደንበኞቼ ያሠሩትን ስልክ ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉ «ምሥራቅ፣ ይሄ ስልክ ሽሮ ውስጥ ወድቆ ነበር?» የሚሉኝ ለዚህ ነው። ለእኔ መሽተት ካቆመ ቆይቷል።

ሄሊኮፕተሯን ያመጣልኝ ኤርሚያስ ነው። ከአዳማ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኖ የሚሠራ ልጅ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ እስከ ዛሬ እንደ ግል ጠላቱ ነው የሚያየው። አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄደው ዕቃ ነው። ርዝመቷ ከክንዴ ትንሽ ይበልጣል፤ አናቷ ላይ ሁለት ረጃጅም ክንፎች፣ ጭራዋ ላይ ሁለት ትንንሽ ክንፎች አሏት፤ የምትታዘዘው በሪሞት ነው። ስትመጣ ዘንጓ ተጣሞ፣ የማርሿ ጥርስ ተበልቶ፣ የጭራዋ ክንፎች ተሰብረው ነበር።

«ለመለዋወጫ ትሁንሽ» አለኝ።

«ለምኑ መለዋወጫ? ከተማው ውስጥ ሌላ ሄሊኮፕተር አለ?»

ዘንግ ከተጣለ ፕሪንተር ሆድ ውስጥ አወጣሁላት። ጥርሱን ኤርሚያስ ከአዲስ አበባ አስመጣ። የጭራዋን ክንፎች ከቢጫ ጄሪካን ቆረጥኩ፤ በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ፣ መርፌ ላይ አጋድሜ፣ አንዱ ከአንዱ በፀጉር እንዳይከብድ አድርጌ አመዛዘንኩ። ይህን የሚሰማ ሰው «ትዕግሥትሽ» ይለኛል። ትዕግሥት የለኝም። ያለኝ ንዴት ነው፤ ንዴቴ ግን ረጅም ነው።

በረረች። ከሱቁ ጎን ባለው ግቢ ከልብስ ማስጫው ገመድ በላይ ወጥታ እንደ ጭልፊት ቀጥ ብላ ቆመች። አባቴ ወስፌውን እንደያዘ ብቅ ብሎ አያት፤ ምንም ሳይል ተመልሶ ገባ። በአባቴ ቋንቋ ይህ እልልታ ነው። የጎረቤት ልጆች እየሮጡ መጡ። ያን ጊዜ ሰማይ ላይ የሚያጉረመርም ነገር ሲሰማ ልጆች የሚሮጡት ወደ እሱ ነበር።

የዚያን ዕለት ልጓም ሊያሰፉ መጥተው ደጅ የቆሙ አንድ ሽማግሌም በአጥሩ ላይ አይተዋታል። አያ ኪዳነ ማርያም ይባላሉ፤ አንኮበር አጠገብ ካለችው ከጎረቤላ ወረድ ብሎ ገደል አፍ ላይ የተቀመጠችው የጽድ አፋፍ መንደር የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ጢማቸውን እያሻሹ፣ ይህች ነገር ክር መጎተት ትችል እንደሆነ ጠየቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጽድ አፋፍ ገደል ማዶ፣ ከመንደሩ ከፍ ብሎ፣ የማይነጥፍ ምንጭ አለ። አንድ ድርጅት ለመንደሩ ቱቦና የሽቦ ገመድ ሰጥቷል። ሽቦው በገደሉ ላይ ከተወጠረ ቱቦው በእሱ ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገራል፤ ሴቶቹም ውሃ ፍለጋ ገደል መውረዳቸው ይቀራል። የቸገረው የመጀመሪያው ክር ነው። ክር ከተሻገረ ክሩ ሲባጎውን ይስባል፣ ሲባጎው ገመዱን፣ ገመዱ ሽቦውን። ጎረምሶቹ ክሩን ይዘው በእግራቸው ወርደው ሞክረዋል፤ በየቁጥቋጦውና በየጽዱ ቅርንጫፍ እየተያዘ ተበጠሰ። በወንጭፍ ሞክረዋል፤ ድንጋዩ ይሄዳል፣ ክሩ ይቀራል። ድርጅቱ ደግሞ ሥራው እስከ ፋሲካ ካልተጀመረ ቱቦውን ለሌላ ቀበሌ እንደሚሰጥ አስታውቋል።

የሷ ጉልበት ለቀጭን ናይለን ክር እንደሚበቃ ነገርኳቸው። ቀረብ ብለው ገላመጧት።

«አንበጣ እናውቃለን ልጄ» አሉ። «እህል ስትበላ እንጂ ውሃ ስታመጣ አላየንም።»

እዚህ ላይ ዝም የምል ብሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበርኩ። «ለጽድ አፋፍ ሰው ንገሩልኝ» አልኩ። «ከፋሲካ በፊት ክሩ ካልተሻገረ፣ ሱቄን ዘግቼ መጥቼ ከሴቶቹ ጋር ጄሪካን እሸከማለሁ።»

ከውስጥ የአባቴ መዶሻ ድምፁን አቆመ። ጽድ አፋፍ የትውልድ መንደሩ ነው። ጎረምሳ ሳለ ቆዳ መሥራት ሲጀምር «ቆዳ ነኪ» ብለው አገለሉት፤ ወጣ፣ አልተመለሰም። «ኮርቻዬ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔን በራቸው አያስገቡም» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ነግሮኛል። አያ ኪዳነ ማርያምም ልጓማቸው እስኪሰፋ ደጅ ቆመው የሚጠብቁት ሌላ ምክንያት ኖሯቸው አይደለም። አባቴ እንደሰማ አወቅሁ፤ የመዶሻው መቆም እንደተሰማኝ እሱም አወቀ። ቃሌን የሰጠሁት ለውሃው ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም ገባን፤ አልተነጋገርንበትም።

ወደ ገደሉ መሄድ ያለብን ጧት ነው። ፀሐይ ሞቅ ካለች ከቆላው ሽቅብ የሚነሳው ነፋስ ሰው ይገፋል። ዋዜማውን ሄሊኮፕተሯን ብሎን በብሎን ፈትሼ፣ የሚንቀሳቀስ አካሏን ሁሉ ነጭ ግራሶ ቀብቼ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አሳደርኳት። ገና ጎህ ሳይቀድ እኔና ኤርሚያስ በእሱ ሞተር ሳይክል ወጣን። ሜዳው ውርጭ ለብሷል። ኤርሚያስ እስከ ጎረቤላ ድረስ ስለ ጣቶቹ ሲያወራ ሄደ።

ጽድ አፋፍ ስንደርስ መንደሩ በሙሉ ገደል አፍ ላይ ተደርድሮ ነበር። ጭላዳዎቹ ሳይቀሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ክሩን አሰርኩ፣ አስነሳኋት። ከመሬት ከፍ አለች፣ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ አናቷ እንደሚዞረው ገላዋም መዞር ጀመረ። ዞረች፣ ክሩን በራሷ ላይ ጠመጠመች፣ ሣሩ ላይ ተዘረረች። አንዱ ክንፍ ተሰበረ።

«አንበጣዋ አዞራት» አለ አንዱ። የሳቁት ሳቅ እስከ ገደሉ ማዶ ደርሶ ተመለሰ።

ሱቅ ገብቼ ፈታታኋት። የሄሊኮፕተር ጭራ ሥራው ገላዋ እንዳይዞር መያዝ ነው። የጭራዋ ክንፎች ዘንበል ቀና የሚሉት፣ በቀጭን ዘንግ ላይ ወዲያና ወዲህ በምትንሸራተት ከጥፍር በማትበልጥ ቀለበት ነው። ቀለበቷ የታዘዘችውን ለማድረግ ከዘገየች፣ ሄሊኮፕተሯ እንደ እንዝርት ትሾራለች። ስለዚህ ጥፋቱ ጭራዋ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። ቀለበቷን የምትገፋውን ትንሽ ሞተር ጠረጠርኩ። ሁሉንም በቤንዚን አጥቤ፣ አዲስ ግራሶ ቀብቼ ግቢው ውስጥ አስነሳኋት። ቀጥ ብላ ቆመች። እንደ ሥዕል።

ኤርሚያስ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉ የሚይዘው ነገር እንደሚያጣ ያብራራልኝ ጀመር።

«ጽድ አፋፍ ከደብረ ብርሃን ዝቅ ይላል» አልኩት።

«እንግዲያው ብርዱ ነው» አለ። «ብርድ ባትሪ ይገድላል።»

ብርድን የማይከስስበት ጉዳይ ስለሌለ ብዙም አልሰማሁትም። ግን ትንሿን ሞተር ቀየርኩ፤ ባትሪዎቹንም በሁለተኛው ጉዞ ብብቴ ሥር አድርጌ አሞቅኋቸው። ለኤርሚያስ ምክርህን ተቀበልኩ አላልኩትም፤ ሲያየኝ ግን ፈገግታው በሹራቡ አንገትጌ አልተሸፈነም።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከፋ። ባትሪው እንደ ዳቦ ሞቅ ብሏል፤ ሞተሩ አዲስ ነው፤ እሷ ግን ገደሉ አፍ ላይ ትንሽ ወጣ እንዳለች ሾረች። ወደ ኋላ ስመልሳት ክሩን ከተጠመጠመበት እንጨት ጋር ጎትታ አንድ የግቢ አጥር ላይ ተሰቀለች። በዚህኛው ጊዜ የሳቀ ጥቂት ነው። ሳቁ በቀረልኝ ስል የቆየሁት ተሳስቼ ነው፤ ዝምታው ይብሳል። አያ ኪዳነ ማርያም የድርጅቱ መኪና ቱቦውን ሊጭን በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጣ ነገሩኝ፤ ሦስተኛ አትምጪ እንደማይሉኝም ጨመሩ። ዕቃዬን ስሰበስብ፣ ከገደሉ ሽቅብ የወጣች አንዲት ሴት በጀርባዋ ጄሪካን እንዳዘለች አጠገቤ ቆመች። ላቧን በነጠላዋ ጠርጋ፣ የተሰበረውን ክንፍ ከሣሩ ላይ አንስታ ሰጠችኝ።

«ተይው እህቴ» አለችኝ በርኅራኄ። «እኛ ለምደነዋል።»

እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ያን ቃል እያላመጥኩ ሄድኩ። ስድብ ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት እኔን የሚያውቅ ሰው ሱቄን ያለፈው በሩቁ ነው። ሽቦዋን ሁሉ በአዲስ ቀየርኩ። ሚዛን የሚጠብቀውን መሣሪያዋን ነቅዬ በወፍራም ስፖንጅ ላይ ለጠፍኩት። ብርድ ነው ከተባለም ይሁን ብዬ፣ አንድ ጧት የግቢያችን ባልዲ ላይ በረዶ ሲጋገር አስነሳኋት። በውርጩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። በጥፊ ልመታት ቃጣኝ። እኩለ ቀን ትበራለች፣ በውርጭ ትበራለች፤ ጽድ አፋፍ ስትደርስ ብቻ ታብዳለች። ዕቃ ደግሞ አገር አይመርጥም። ዕቃ የሚበላሸው በምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ካጣሁ እኔ ሞኝ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሞኝ አይደለሁም። በዚህ ዓይነት ስሽከረከር ከሄሊኮፕተሯ የተሻልኩ አልነበርኩም።

ቻርጀር ልታሠራ የመጣች ሴትዮ የሰው ዓይን እንደሆነ ነገረችኝ፤ ጠበል እንድረጭባትም መከረችኝ። ኤሌክትሪክ ላይ ጠበል ቢረጩ መጀመሪያ የሚጮኸው ርኩስ መንፈሱ ሳይሆን ረጪዋ እንደምትሆን ስነግራት፣ ቻርጀሯን ይዛ ወጣች። አባቴ ከምሰሶው ወዲያ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። አንድ ቀን ብቻ መስፋቱን ትቶ መጣና፣ ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረገፈውን ብሎን እያየ ቆመ።

«ደግሞ ትሄጃለሽ?»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እንግዲያው በዋዜማው እኔ ቀድሜ እሄዳለሁ» አለ። «ጎረቤላ አልጋ ይዤ አድራለሁ። ሦስተኛ ከሳቁ በሁለታችን ይሳቁ።»

ያን መንደር ከጎረምሳነቱ ወዲህ አልረገጠውም። ጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴ ፈለግኩ።

በሦስተኛው ጉዞ ጧት ስንደርስ አባቴ ከሕዝቡ ራቅ ብሎ፣ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ጋቢውን ደርቦ ብቻውን ቆሟል። ና ተቀመጥ ያለው ሰው የለም። ጉሙ ገና ከገደሉ ውስጥ አልወጣም፤ ነፋስ የለም፤ እንዲህ ዓይነት ጧት ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሄሊኮፕተሯን ከካርቶኗ አውጥቼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። ጭራዋን በሪሞት ፈተንኩት፤ ቀለበቷ ወዲያ ወዲህ እንደ ዓይን ብልጭ ትላለች። ክሩን ላስተካክል ዞር አልኩ። ክሩን ሊቀበሉ ማዶ የቆሙት ጎረምሶች በፉጨት ዝግጁ መሆናቸውን ነገሩን።

ስመለስ አባቴ ድንጋዩ አጠገብ ተንበርክኳል። ቀንዱ በጉልበቱ መሃል ነው። ትንሿ ጣቱ ላይ የማሽላ ፍሬ የምታህል ቅቤ አለች፤ በዚያ ሸካራ እጁ፣ የሕፃን ዓይን እንደሚያብስ ሰው እየተጠነቀቀ፣ የጭራዋን ዘንግ ይቀባል።

«ምን እያደረግህ ነው አባዬ?»

«ትናንት እዚያ ስላልነበርኩ ሳትቀምስ ነው የወጣችው» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «አይዞሽ፣ ደርሼባታለሁ።»

ቀስ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሌላም ጊዜ ቀብተሃታል?»

«መንገድ በወጣሽ ቁጥር። አንቺ ወደ ቤት ስትገቢ፣ ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት። ያ የምትቀቢው ነጩ ነገርሽ ሽታም የለው፤ ምን አቅም ይኖረዋል ብዬ።»

በጾሙ መሃል እኛ ቅቤ ሳንቀምስ እሷ ስትቀምስ ነበር። ነጭ ግራሶዬ ላይ ነጭ ቅቤ። ሱቅ ተመልሼ ስፈታት የማየው ቅባት የራሴ ግራሶ ነበር የሚመስለኝ፤ ሽታውን ደግሞ ከተወለድኩ ጀምሮ ስተነፍሰው የኖርኩት ነው። በቤንዚን አጥቤ ግቢ ውስጥ ስፈትናት ትበራለች፤ ለመንገድ ሳዘጋጃት እሱ ይቀባታል፤ በሞተር ሳይክል በውርጭ ስትጓዝ ቅቤው ይረጋል፤ ቀለበቷ ይያዛል። ያ ሁሉ ሽቦ፣ ያ ሁሉ ስፖንጅ፣ ያ የሞቀ ባትሪ። ኤርሚያስ እንኳ ብርዱ ነው ብሎ ግማሹን ደርሶበት ነበር፤ ይህም ራሱን የቻለ ንዴት ነው።

ጉሮሮዬ ላይ የደረሰውን ቃል ብለቅቀው ኖሮ ገደሉ ማዶ ይሰማ ነበር። ቀና ስል ግን የመንደሩ ሰው በሙሉ እያየን ነው። እኔን አይደለም፤ እሱን ነው። ቆዳ ነኪው ወርቁ ከነቀንዱ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አባዬ» አልኩት። «ጧት ጧት ሱቅ ስትገባ ቀንዱን መጀመሪያ የት ነው የምታስቀምጠው?»

«እሳት ዳር ነዋ። ካልሞቀ እንደ ድንጋይ…»

አልጨረሰውም። ትንሿ ጣቱ አየር ላይ ቀረች። ስለ ቅቤ ለአባቴ የሚነግረው ሰው የለም፤ አንድ ቃል መጨመር አላስፈለገኝም። ጭራዋን አየ፣ የተሰበሰበውን ሰው አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እንደዚያ ሲያየኝ ባላየሁት እመርጥ ነበር።

«ሁለቱንም ጊዜ?» አለ።

«አሁን እሱን ተወውና ጭራዋን ያዝልኝ» አልኩት። «እጅህ ሞቃት ነው።»

ኤርሚያስን ከሞተሩ ቤንዚን እንዲቀዳልኝ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ ስላልመለስኩለት እያጉረመረመ ቀዳ። አባቴ ዘንጉን በመዳፉ ጨብጦ ትንፋሹን እፍ እያለ አሞቀው፤ እኔ የሚቀልጠውን በቤንዚን በራሰ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ሁለታችንም አንተያይም። ቀለበቷን ነቅዬ ውስጧን በክር ፈትጌ መለስኳት። ከእሱ ጋር አንድ ዕቃ ላይ ስሠራ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጨርሰን ስንነሳ ጉሙ መላወስ ጀምሯል። ነፋሱ መምጣቱ ነው። አያ ኪዳነ ማርያም ካልሆነ ሰው እንበትን እንደሆነ ጠየቁ። አስነሳኋት።

ቆመች። ያለ አንዳች መዞር፣ ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ቀጥ ብላ ቆመች። አፍንጫዋን ወደ ማዶ አዞርኩ፤ ሄደች። ክሩ ከአባቴ እግር ሥር እየተፈታ፣ በጉሙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር እያበራ ተከተላት። ከገደሉ እኩሌታ ስታልፍ ነፋሱ ከሥር መታት፤ ወደ ላይ ተወረወረች፤ አወረድኳት፤ ደግሞ ተወረወረች። ሪሞቱን የያዘው ጣቴ ላይ ስሜት አልነበረኝም። ማዶ ደረስኩ ስል አንድ የመጨረሻ ነፋስ አንስቶ ከጽድ ቅርንጫፍ ጋር አጋጫት። የክንፎቿ ስባሪ ሲበር ከዚህ ይታያል። ድምፁ ቆይቶ ደረሰ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት።

ከዚያ አንድ ጎረምሳ ዛፉ ላይ ወጣ። እጁን ሲያነሳ ክሩ በእጁ ነበር።

እልልታው ጭላዳዎቹን አባረራቸው። ሲባጎው ተከተለ፣ ገመዱም ጀመረ። ያቺ ጄሪካን አዝላ ያየኋት ሴት ከሁሉ ፊት ሆና ገመዱን ትስባለች። ስለ ሄሊኮፕተሯ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ ግን ዓይኔ ማዶ ጽዱ ላይ ነው፤ ዋናው ዘንጓ ዳግመኛ እንደተጣመመ ከዚህ ሆኜ አውቃለሁ።

እኔን ሊያመሰግኑኝ የመጡ መስሎኝ ቀና ስል፣ አያ ኪዳነ ማርያም በአጠገቤ አልፈው አባቴ ፊት ቆሙ።

«ሦስት ጊዜ መጣች» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ሁለቱን ጊዜ ደረቋን መጥታ ወደቀች። ዛሬ ወርቁ ቅቤ ቀባት፤ ተሻገረች። በዓይናችን ያየነው ነው።»

ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ ማጉረምረሙ የአዎንታ ነው። አባቴ ቀንዱን ከኋላው ደበቀ።

«የለም፣ እንደሱ አይደለም» አለ። «ያሰናከላት የኔ ቅቤ ነው። ልጄ ናት በቤንዚን አጥባ ያወጣችው። የበረረችው በልጄ እጅ ነው።»

አንዲት አሮጊት ወርቁ ድሮም ለራሱ ምስጋና እንደማይወድ አስታወሱ። ሌላው የቤንዚኑ ነገር ቅቤውን ማስገቢያ እንደሆነ ለጎረቤቱ አስረዳ። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። አፌን ከፈትኩ። ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቷል፤ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ስለ ግራሶ፣ ስለ ብርድ፣ በዓይናቸው አይተው በራሳቸው ስለማያስቡ ሰዎችም ትንሽ ነበረበት።

«ወርቁ» አሉ አያ ኪዳነ ማርያም፣ የአባቴን ክንድ ይዘው። «ደጅ አትቁም፤ ቤት ግባ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ዓረፍተ ነገሬን ዋጥኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሲዋጥ እንዴት እንደሚቧጥጥ አልነግራችሁም። አባቴ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ከአንድ ገበታ በሉ፤ እኔም ከኤርሚያስ ጋር ደጅ ሆኜ ከማዶ የመጣልኝን ስባሪ በፌስታል ለቀምኩ።

ቱቦው ተዘረጋ፤ ውሃው ገባ። አንኮበር ላይ እስከ ዛሬ ሄሊኮፕተር በቅቤ እንደሚበር ይወራል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ምሥራቅ አንዲት ደህና ሄሊኮፕተር ወስዳ ዛፍ ላይ ሰበረቻት ይባላል። ዝም ያልኩት ያ በር እንዳይዘጋ ነው። ዘንድሮ ግን አባቴ ጽድ አፋፍ ለክርስትና ተጠርቶ ሄደ፤ ቀንዱን ምሰሶው ላይ ትቶት ሄደ፤ ገብቶ፣ በልቶ፣ አድሮ መጣ። ስለዚህ እውነቱን ብጽፍ የሚዘጋ በር የለም።

ሄሊኮፕተሯን አሁንም እየጠገንኩ ነው። ዘንግ የሚሆን ሌላ ፕሪንተር አልተጣለልኝም። ባለፈው ሰኞ ሱቅ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ እሷን የያዘ የቆዳ ማኅደር አገኘሁ፤ ልክ በእሷ ቁመት የተሰፋ፣ ለጭራዋ ቀጭን ኪስ ያለው፣ ማንገቻው እንደ ምርጥ ልጓም የተጎነጎነ። ከሩቅ ይሸታል። እኔ እንኳ ሸተተኝ።

ከምሰሶው ወዲያ አባቴ ከስፌቱ ቀና አላለም።

«ቆዳውን ብቻ ነው» አለ።

ማኅደሩን ከፍቼ አወጣኋት፤ አምፖል አቅርቤ፣ አጉሊ መነጽር አድርጌ፣ ከጭራዋ ጀምሬ ብሎን በብሎን ፈተሽኳት።